ከ«ተመስገን» በኋላ ያለው ድካም

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የቀኝ እግሬ ባት እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ከእንቅልፌ አስፈንጥሮ አስነሳኝ። ጥርሴን ነክሼ፣ ግድግዳውን ተደግፌ፣ ባዶ እግሬን ቀዝቃዛው ወለል ላይ ተክዬ ቆምኩ። ጡንቻው እስኪላላ ሁለት ደቂቃ ያህል ፈጀ። ከራስጌዬ ባለው ኮሞዲኖ መሳቢያ ውስጥ ደግሞ፣ እንዳይቆሽሽ በፕላስቲክ የሸፈንኩት የላብራቶሪ ወረቀት አለ። የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ በደሜ ውስጥ እንዳልተገኘ የሚመሰክር ወረቀት ነው። ለዓመታት የጸለይኩለት፣ አሥራ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድም ቀን ሳላጓድል ክኒን የዋጥኩለት፣ ከዚያም ሌላ አሥራ ሁለት ሳምንት ቀን እየቆጠርኩ የጠበቅኩት ወረቀት። የመዳኔ ማስረጃና የማያስተኛኝ እግሬ በአንድ ክንድ ርቀት አብረው ያድሩ ነበር።

ያን ሌሊት ለማንም አልተናገርኩም። በማግስቱም አልተናገርኩም፤ በሳምንቱም። አፍሬ ነው። ውጤቴ የታወቀ ዕለት ቤቴ በሰው ሞልቶ ነበር። ቡና ተፈልቷል፣ ፈንዲሻ ተበትኗል፣ ታላቅ እህቴ ሳቅና እንባ እየተቀላቀለባት እልል ብላለች። ከመሃላቸው ለመድኃኒቴ ገንዘብ ያዋጡ ዘመዶቼ አሉ። እነዚህ ሰዎች ፊት ቆሜ «አሁንም ይደክመኛል፤ ሌሊት እግሬን ይጨመድደኛል፤ ጣቶቼን ይነዝረኛል» ማለት ውለታ መካድ መሰለኝ። አንድ ቀን ለጎረቤቴ ጥቂት ባነሳላት «ኧረ ተመስገን በይ! ስንቱ ከዚህ በሽታ ሳይተርፍ ቀረ» አለችኝ። የግራ ዓይኔ ቆብ ሲርገበገብ እንደሚውል ስነግራትም «የምታዪው እንግዳ አለ ማለት ነው» ብላ አጽናናችኝ። ከፍቅር የመጣ ነገር ነው፤ አልቀየምኳትም። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ አፌን ዘጋሁ።

ዛሬ ይህን የምጽፈው አፋቸውን ለዘጉት ነው። ከጉበት ቫይረስ ሕክምና፣ ከሌላ ከባድ ቫይረስ ሕክምና፣ ከረጅም ሕመም ወጥተው «ድነሃል»፣ «ድነሻል» ከተባሉ በኋላ ሰውነታቸው ገና ያልተመለሰላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ተመስገን ለፈጣሪ የሚቀርብ ምስጋና ነው፤ ከልብ ይቅረብ። ለሐኪም የሚቀርበው ግን ሌላ ነው፤ የቀረውን ሕመም አንድ በአንድ መንገር። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን የአባቶቻችንን ቃል ሁሌ የምናነሳው ከሕክምና በፊት ነው። እኔ ከሕክምና በኋላም እንደሚሠራ በራሴ አየሁት።

መጀመሪያ ግን ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደተሸነፈ ልንገራችሁ፤ ደስታው ትንሽ አይደለምና። የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ስም ያገኘው በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ደም ከተሰጣቸው በኋላ ጉበታቸው የታመመ ሰዎችን ሐኪሞች መረመሩ፤ ሄፓታይተስ ኤም፣ ሄፓታይተስ ቢም አልነበረም። ስም ስለጠፋለት «ኤም ቢም ያልሆነው» እያሉ ይጠሩት ጀመር። እነ ማይክል ሃውተን ቫይረሱን ለይተው ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ሃውተን፣ ሃርቪ ኦልተርና ቻርልስ ራይስ በዚህ ሥራቸው የ2020ን የኖቤል የሕክምና ሽልማት ተጋርተዋል። ስሙ ከታወቀም በኋላ ሕክምናው ራሱ ፈተና ነበር። ኢንተርፌሮን የሚባል መርፌ ከሪባቪሪን ክኒን ጋር፣ እንደ ቫይረሱ ዓይነት ለ24 ወይም ለ48 ሳምንት ይሰጥ ነበር። መርፌው ያንቀጠቅጣል፣ ያተኩሳል፣ ሰውን ድባቴ ውስጥ ይከታል፣ አንዳንዱን የታይሮይድ ዕጢውን ያቃውሰዋል። ክኒኑ ቀይ የደም ሕዋስን ያፈርሳል። ይህን ሁሉ ታግሠው የጨረሱ ብዙ ሰዎችን በመጨረሻ ቫይረሱ አለቀቃቸውም ነበር። ያን ዘመን ያለፉትን ሳስብ ራሴን ዝቅ አድርጌ እጅ እነሳቸዋለሁ።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ሶፎስቡቪር ተፈቀደ፤ ነገሩም ተለወጠ። ዛሬ እሱን ከሌላ መድኃኒት ጋር አዋህዶ በቀን አንድ ጊዜ ለ12 ሳምንት የወሰደ ሰው፣ ከመቶ ከዘጠና አምስት በላይ የመዳን ዕድል አለው። ሐኪሞች «ድኗል» የሚሉት መድኃኒቱ ባለቀ በ12ኛው ሳምንት ደሙ ተመርምሮ ቫይረሱ ሲጠፋ ነው። ያ ወረቀት እውነተኛ ነው። ደግሞ ልብ ይበሉ፤ የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ፣ በተለምዶ አንቲቦዲ የምንለው፣ ከዳኑም በኋላ ለዓመታት «አለ» እያለ ይቀጥላል። እሱ ሰውነት ከቫይረሱ ጋር ተዋግቶ የተረፈበት ጠባሳ ነው። ለጉዞ ወይም ለሥራ ብለው ሲመረመሩ ይህን አይተው «ተመልሶብኛል» ብለው እንቅልፍ ያጡ ሰዎች አውቃለሁ። ቫይረሱ ራሱ መኖሩን የሚለየው ሌላኛው ምርመራ፣ የቫይረሱን ዘር በቀጥታ የሚፈልገው ነው። ያን አሠርተው ይረጋጉ። ይሁንና አንድ ጊዜ መዳን ሁለተኛ እንዳይዙ አይከላከልም፤ የሌላ ሰው ደም ከነካው መርፌና ስለት መጠንቀቅ አይቀርም።

ታዲያ ቫይረሱ ከሄደ ድካሙ ለምን ይቀራል? ቫይረሱ በብዙ ሰው ጉበት ውስጥ አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት ኖሮ ነው የሚወጣው። ጉበት ጠባሳውን ቀስ እያለ ይጠግናል፤ ብዙ ሰው ጉልበቱ በወራት ውስጥ ሲመለስ ይሰማዋል። አንዳንዱ ላይ ግን ድካሙ ይቆያል። ከዚህ ሌላ ከቫይረሱ ጋር ምንም ያልተገናኘ ነገር ከጎን ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ ደም ማነስ፣ የታይሮይድ መዛባት፣ ያልታወቀ ስኳር፣ የቫይታሚን እጥረት፣ የእንቅልፍ ችግር፣ ድባቴ። ትልቁ በሽታ ቤቱን ሁሉ ሞልቶ ስለነበር ትንንሾቹ አይታዩም ነበር። ትልቁ ሲወጣ እነሱ ገለጥ ይላሉ። የእኔም ታሪክ ይኸው ነው።

እህቴ ናት ያነቃችኝ። አንድ ቅዳሜ ቤቴ አድራ ሌሊት ስነሳ አየችኝ። ጠዋት ምንም ሳትለኝ ከልጇ ቦርሳ አንድ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር አውጥታ ሰጠችኝ። «የሚሰማሽን ሁሉ በየቀኑ ጻፊ፤ ለሁለት ሳምንት። ከዚያ ይዘሽው ሐኪም ጋ እንሄዳለን» አለችኝ። እኔ ሰበብ ስደረድር «እኔ እልል ያልኩት እንድትድኚ ነው እንጂ ዝም እንድትዪ አይደለም» ብላ ዘጋችኝ። እስካሁን ያቺ ንግግሯ ጆሮዬ ውስጥ አለች።

ጻፍኩ። ምን እንደሚሰማኝ ብቻ ሳይሆን ምን እንደበላሁ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛሁ፣ ምን መድኃኒት እንደዋጥኩ ጭምር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደብተሩ የለቅሶ መዝገብ ይመስል ነበር። በአምስተኛው ቀን ግን አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። በየቀኑ፣ ያለ አንዳች መዝለል፣ ጠዋት ላይ የምጽፈው ቃል ነበር፤ ኦሜፕራዞል። የጨጓራ መድኃኒቴ። መጀመሪያ የታዘዘልኝ ለአንድ ወር ነበር። ወሩ አለቀ፤ ያዘዘልኝ ሐኪም ጋ አልተመለስኩም፤ ከፋርማሲ ራሴ እየገዛሁ ቀጠልኩ። ስቆጥረው ሦስት ዓመት ሆኖታል። ለጉበቴ ክኒን በምወስድበት ጊዜ ጉበቴን የምታክመኝ ሐኪም ስለጨጓራ መድኃኒት ጠይቃኛለች፤ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሱ መድኃኒቶች አንዳንዶቹን የሄፓታይተስ ሲ ክኒኖች በደንብ እንዳይሠሩ ስለሚያደርጉ በጥንቃቄ ነው ያስማማችልኝ። ከዚያ በኋላ ግን እኔም አላነሳሁት፣ ማንም አልጠየቀኝም። ሻይ እንደመጠጣት ሆኖብኛል፤ መድኃኒት መሆኑን ረስቼዋለሁ።

ደብተሩን ሐኪሟ ፊት ዘረጋሁት። ወጣት ናት፤ የእኔን ልጅ ታህላለች። «እናቴ፣ ይሄን እርስዎ ነዎት የጻፉት?» አለችኝና ገጽ በገጽ አነበበችው። ከዚያ ምርመራ አዘዘች። የደም ሕዋስ ቆጠራ፣ የታይሮይድ፣ የስኳር፣ የኩላሊትና የጉበት፣ ቫይታሚን ቢ 12፤ መጨረሻ ላይ ካልሲየም፣ ፖታሺየምና ማግኒዚየም ጨመረች። ማግኒዚየም በተለመደው የምርመራ ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ የለም፤ ሐኪሙ አስቦ ካልጻፈው አይታይም። የእኔ 1.3 ሆኖ መጣ። ጤነኛው ከ1.7 ገደማ ይጀምራል። ፖታሺየሜም ዝቅ ብሎ ነበር።

ስለ ማግኒዚየም ያስረዳችኝን ነገር ቤት ሄጄ አንብቤ ስጨርስ በሰውነቴ ተደነቅኩ። አንድ ትልቅ ሰው ሰውነት ውስጥ በጠቅላላው 25 ግራም ገደማ ማግኒዚየም አለ። ከግማሽ በላዩ አጥንት ውስጥ ነው፤ የቀረው አብዛኛው ጡንቻና ሌላው ሥጋችን ውስጥ። ደም ውስጥ የሚዞረው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። ከሦስት መቶ በላይ የሰውነት ኢንዛይሞች ያለ እሱ አይሠሩም። ሕዋሶቻችን የሚነዱበት ጉልበት፣ ኤቲፒ የሚባለው፣ ሥራ የሚሠራው ማግኒዚየም ሲያያዘው ነው። ጡንቻ ተኮማትሮ መልሶ እንዲላላ፣ ነርቭ ያለ ቅጥ እንዳይጮህ፣ ልብ ምቱን እንዳይስት የሚጠብቀው እሱ ነው። ሲጎድል ሰው ምግብ ያስጠላዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ይዝላል፤ ከዚያ ጡንቻው ይጨመድዳል፣ እጅ እግሩን ይነዝረዋል፤ በጣም ሲወርድ ደግሞ ልብ ይዛባል፣ ሰውም ራሱን ስቶ ሊንፈራገጥ ይችላል። ፖታሺየምንም ይዞት ይወርዳል። ማግኒዚየም ከጎደለ ኩላሊት ፖታሺየምን በሽንት ያፈሳል፤ ማግኒዚየሙ ሳይሞላ ፖታሺየም ብቻ ቢሰጡት እንደ ወንፊት ውሃ ነው።

እዚህ ላይ ፍርዴን በግልጽ ልናገር። ጥፋተኛው ጉበቴን ያዳነው መድኃኒት አልነበረም። ማግኒዚየምን የሚያራግፉ ፀረ ቫይረስ መድኃኒቶች አሉ፤ ለሌላ ዓይነት ቫይረስ በደም ሥር የሚሰጠው ፎስካርኔት አንዱ ነው። የሄፓታይተስ ሲ ክኒኖች ግን በዚህ አይታወቁም። የእኔ ጉድለት ከጎን ተረስቶ ከኖረው ከጨጓራ መድኃኒቱ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2011 ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነበር፤ ኦሜፕራዞልና ወንድሞቹ ለረጅም ጊዜ፣ በአብዛኛው ከዓመት በላይ ሲወሰዱ ማግኒዚየምን ሊያወርዱ ይችላሉ። ያን ጊዜ ከተመረመሩት ታማሚዎች ሩብ ያህሉ ማግኒዚየም ቢሰጣቸውም አልተስተካከለላቸውም፤ የጨጓራ መድኃኒቱ መቆም ነበረበት። ለደም ግፊት የሚሰጡ ሽንት የሚያሸኑ ክኒኖች፣ የቆየ ተቅማጥ፣ ያልተቆጣጠሩት ስኳር፣ መጠጥ ማብዛትም እንዲሁ ያወርዳሉ። እነዚህ ደግሞ ጉበታቸው በጠጠረ ሰዎች ላይ ብዙ ጊዜ ይደራረባሉ።

ይህን ስሰማ የተሰማኝን ልግለጽላችሁ? ደስታ። እውነተኛ ደስታ! ለካ ድካሜ ስም አለው። ለካ አላረጀሁም፣ አልተረገምኩም፣ ውለታ ቢስም አይደለሁም። ቁጥር ያለው፣ ሊለካ፣ ሊሞላ የሚችል ጉድለት ነው። እየዛለ የኖረ ሰው የድካሙን አንድ ምክንያት ሲያገኝ ገና ክኒኑን ሳይውጥ ቀና ይላል።

ሕክምናው የተጀመረው ከጨጓራዬ ነው። ሐኪሟ በሰገራ ምርመራ ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ መኖር አለመኖሩን አየች፤ መድኃኒቱ አሁንም የግድ ያስፈልገኝ እንደሆነ መዘነች፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ እንድቀንሰው አደረገች። እባክዎ ይህን ራስዎ አይሞክሩት። በድንገት ሲቆም አሲዱ በርትቶ ይመለሳል፤ ሰው ተቃጥሎ ተቃጥሎ ወደ መድኃኒቱ ይሮጣል። ጨጓራቸው የደማባቸውና ሌላ ከባድ ምክንያት ያላቸው ሰዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ማቆም የለባቸውም። ለእኔ የማግኒዚየም ክኒንም ታዘዘልኝ፤ ኩላሊቴ ደህና መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ።

ስለ ክኒኑ ጠንከር ብዬ መናገር አለብኝ፤ ይህን አንብባችሁ በቀጥታ ፋርማሲ እንዳትሄዱ። ትርፍ ማግኒዚየምን የሚያስወጣው ኩላሊት ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ውስጥ ይከማችና ግፊትን ያወርዳል፣ ትንፋሽን ያዳክማል፣ ልብን ያዘገያል። ጤነኛ ኩላሊት ላለው ሰውም በአሜሪካ የተቀመጠው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከክኒን የሚወሰድ ጣሪያ በቀን 350 ሚሊ ግራም ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ተቅማጥ ያመጣል፣ ተቅማጡም ያስገባነውን መልሶ ይወስደዋል።

ሌላው፣ በእኔ እምነት እጅግ ብዙ ሰው የሚስተው፣ የሰዓት ነገር ነው። ማግኒዚየም ሆድ ውስጥ አንዳንድ መድኃኒቶችን ይይዝና ወደ ደም እንዳይገቡ ያግዳቸዋል። በአገራችን ብዙ ወገኖቻችን የሚወስዱት የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ውስጥ ያለው ዶሉቴግራቪር አንዱ ነው። ማግኒዚየም ወይም አሉሚኒየም ካለበት የጨጓራ መድኃኒት፣ ያን በጠርሙስ የሚሸጠውን ነጭ ፈሳሽ ጨምሮ፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወይም ስድስት ሰዓት ዘግይቶ መወሰድ አለበት። ሶፎስቡቪርን ከሌዲፓስቪር ጋር የሚወስድ ሰውም ከእንዲህ ዓይነቱ ፈሳሽ አራት ሰዓት ማራራቅ አለበት፤ የታይሮይድ ክኒንም እንዲሁ አራት ሰዓት። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊን የመሳሰሉ አንቲባዮቲኮችም ከእሱ ጋር አብረው አይዋጡም። ጨጓራው አቃጥሎት ነጩን ፈሳሽ ጠጥቶ ወዲያው የዕድሜ ልክ መድኃኒቱን የሚውጥ ሰው ምንም ሳያጠፋ መድኃኒቱን እያባከነ ነው። ቤትዎ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ዛሬውኑ ይንገሩት። የሚወስዱትን ሁሉ፣ ከባህል መድኃኒቱ ጭምር፣ በአንድ ፌስታል ሰብስበው ለፋርማሲ ባለሙያው ያሳዩ። እኔ አሁን እንዲህ አደርጋለሁ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ደስ የሚለው ክፍል ምግቡ ነው። አንዲት ሴት በቀን 320 ሚሊ ግራም ገደማ ማግኒዚየም ያስፈልጋታል፤ ወንድ 420። ይህን ሳነብ «ከየት አመጣዋለሁ» ብዬ ነበር፤ ለካ ጓዳዬ ውስጥ ነው። መቶ ግራም የጤፍ ዱቄት 180 ሚሊ ግራም ያህል ይዟል። እናቶቻችን በእርሾ ሦስት ቀን የሚያቦኩት ሊጥ ደግሞ ሌላ ጥበብ አለው። እህል ውስጥ ፋይቲክ አሲድ የሚባል ነገር አለ፤ ማዕድኑን ጨምድዶ ይዞ አንጀት እንዳይቀበለው ያደርጋል። ሊጡ ሲቦካ ይህ አሲድ ይቀንሳል፤ ማዕድኑ ይለቀቃል። ኬሚስትሪ ሳይማሩ ሊጥ ላይ እጃቸውን እያሳረፉ ያወቁት ነው! ከዚያ የዱባ ፍሬ አለ፤ ዱባ ስንከትፍ የምንጥለው። መቶ ግራሙ ከ500 ሚሊ ግራም በላይ አለው፤ አንድ ጭብጥ ብቻ ቢቆረጥም የቀኑን ግማሽ ሊጠጋ ይችላል። ተልባና ሰሊጥ በመቶ ግራም 350 እና ከዚያ በላይ ናቸው። አንድ ትልቅ ኩባያ የበሰለ ቆስጣ 150 ገደማ። ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ምስር በየዓይነታቸው አሉበት። የጾም ገበታችንን ስመለከት፣ እኔ ለዓመታት ከሆስፒታል የፈለግሁት ነገር ትንሽ ትንሹ በየሳህኑ ነበር። ቀጥ አድርጌ የምናገረው ግን፣ ደሜ ውስጥ ያለው ያን ያህል ከወረደ በኋላ ምግብ ብቻውን ባልመለሰው ነበር፤ መፍሰሻው መደፈን ነበረበት።

ለውጡ እንዴት መጣ? በዝግታ። ደብተሩን አልተውኩም፤ ስለዚህ በግምት አልናገርም። በሁለተኛው ሳምንት የዓይኔ ቆብ መርገብገብ ቆመ፤ መቼ እንደቆመ እንኳ አላስተዋልኩም፤ ደብተሩ ነው የነገረኝ። እግሬ በሳምንት አራት ሌሊት ይጨመድደኝ የነበረው ሁለት ሆነ፣ ከዚያ አንድ። በሁለተኛው ወር ማግኒዚየሜ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ፖታሺየሜም ተከተለው። የከሰዓት ድካሜ ግን ሙሉ በሙሉ አልሄደም። ይህን የምደብቅ ከሆነ ጽሑፌ ሁሉ ሐሰት ይሆናል። ሐኪሟ «ጉበትዎ ብዙ ዓመት ታግሏል፤ ጊዜ ይስጡት» አለችኝ፤ ጠባሳ ስላለውም በየስድስት ወሩ በአልትራሳውንድ ታየዋለች። ስለዚህ ለቀረው ድካም ሌላ ሥራ ጀመርኩ። ጠዋት አሥር ደቂቃ በእግር። በሳምንቱ አሥራ ሁለት። በደከመኝ ቀን አምስት፤ ግን ዜሮ አይሆንም። ምሽት ቡና ቀረ፤ የመኝታ ሰዓቴ ተወሰነ።

እርስዎ ምርመራ አድርገው ሁሉም ደህና ቢሆንስ? ማግኒዚየሙም፣ ታይሮይዱም፣ ደሙም? ያኔም ተስፋ አይቁረጡ። የደም ማግኒዚየም ከጠቅላላው ከመቶ አንድ የማይሞላውን የሚያሳይ መስኮት ነው፤ ብዙ ጊዜ እውነቱን ይናገራል፣ አንዳንዴ ግን የውስጡን ጉድለት ላያሳይ ይችላል። ሐኪምዎ ከሚሰማዎትና ከሚወስዱት መድኃኒት ጋር አዛምዶ ያየዋል። ደህና የሆነ ውጤትም ሥራ ሠርቷል፤ አንድ በር ዘግቶ ቀጣዩን አሳይቷል። «ምንም የለብዎትም» ከተባሉ «እሺ፣ ታዲያ ቀጥሎ ምን እንመልከት?» ብለው በትሕትና ይጠይቁ። ትሕትና ዝምታ አይደለም። ድካሙ ከኀዘን፣ ከጭንቀት፣ ከዓመታት ፍርሃት የመጣ ከሆነም እሱም ሕመም ነው፤ እሱም ሐኪም አለው። ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ሆድዎ ካበጠ፣ ሰገራዎ ከጠቆረ፣ ልብዎ ከተዛባ ወይም ራስዎን ከሳቱ ግን ደብተር መጻፊያ ጊዜ አይደለም፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ደብተርዎን ግን ዛሬ ማታ ይጀምሩ። የሚያምር መሆን የለበትም፤ የልጅዎ የቤት ሥራ ደብተር ጀርባም ይበቃል። ሦስት ነገር ብቻ ይጻፉ፤ ምን ተሰማኝ፣ ምን ወሰድኩ፣ ምን ቻልኩ። ሦስተኛዋን እኔ ራሴ ነኝ የጨመርኳት፤ ደብተሬ የለቅሶ መዝገብ እንዳይሆን። «ልብስ አጠብኩ»፣ «ከእህቴ ጋር ገበያ ሄድኩ»፣ «ለሰፈር ዕድር ስብሰባ ደረስኩ»። ከወር በኋላ ወደ ኋላ ሲገልጡ፣ የተጓዙትን መንገድ በገዛ እጅ ጽሑፍዎ ያዩታል፤ ያን የመሰለ ብርታት ማንም ተናጋሪ መድረክ ላይ ቆሞ አይሰጥዎትም።

ጎረቤቴ ባለፈው ሰሞን መጣች። የዱባ ፍሬ ቆልቼ ነበር፤ ከቡናው ጋር አቀረብኩላት። ትንሽ ቆየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እሷም ሌሊት እግሯን እንደሚጨመድዳት፣ የግፊት ክኒን ከጀመረች ወዲህ እንደባሰባት፣ «ሰው ምን ይለኛል» ብላ ለማንም እንዳልተናገረች ነገረችኝ። ተመስገን በይ አላልኳትም። ተነስቼ ከመሳቢያዬ፣ በፕላስቲክ ከተሸፈነው ወረቀት አጠገብ፣ ያልተነካ ደብተር አወጣሁላት። የራሴን ከፍታ የመጨረሻውን ገጽ ጮክ ብላ አነበበችው።

«ማክሰኞ። ሌሊት አልነቃሁም። ከሰዓት ደክሞኛል። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር በእግሬ ሄጄ ተመለስኩ፤ ዳገቱ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ቆምኩ።»